በቀትር የተጠራው የክርስትና ስም

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር። ሙያዬም እንደዚያ ነው።

ደግሞ አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሌሊት፣ መቃብርና የጅብ ድምፅ የምትጠብቁ ካላችሁ ቁርጣችሁን እወቁ። እዚህ ውስጥ ጨለማ የለም።

ቀን ነው። ህዳር አሥራ ሰባት፣ ረቡዕ፣ ቀትር ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ፣ ጥላ ከእግር ሥር የገባበት ሰዓት...

ቦታው መንዝ ነው። ከሞላሌ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምታስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር። ስሟን አልጠራም። ስም መጥራት ትቻለሁ። ለምን እንደተውኩ ትደርሱበታላችሁ።

ሙሉቀን እባላለሁ። ደብረ ብርሃን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ።

ክፍል ውስጥ በጣም የምወዳት አንዲት ትምህርት አለችኝ። አንዱን ተማሪ "እጅህን አንሣ" እለዋለሁ። ያነሣል።

"ማን አነሣው?"

"እኔ!"

"ውሸት!" እለዋለሁ። "አንተ ሳትወስን አንጎልህ ጀምሮታል። አንተ በኋላ ነው የተነገረህ። ውስጥህ የተቀመጠ ባለቤት የለም። ቤቱ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ አንተ በሩ ላይ ቆመህ 'ቤቱ የእኔ ነው' የምትል እንግዳ ነህ።"

ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔም እኮራለሁ። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ታላቅ ወንድሜ ቅጣው ይህን ወሬ አይወደውም። ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከበጎቹ ጠጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሸምናል። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ በግ እየሸጠ ያስተማረኝም እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው።

በዚያ ረቡዕ ሁለታችን ብቻ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ማሳ እያጨድን ነበር። የእናታችን የፋንታዬ ሁለተኛ ሙት ዓመት ለእሑድ ተቀጥሯል። የመጣሁትም ለእሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የመጣሁት ጋሼ ሦስት ጊዜ ስለደወለ ነው።

"እሑድ ቅዳሴው ላይ ትቆማለህ አይደል?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ጋሼ፣ እኔ ብቆም ምን ይጠቅማል? እሷ እንደሆነ አትሰማ።"

"ማ ናት የማትሰማው?"

"እማዬ ናታ። አንጎል ከሞተ አለቀ። ኩራዝ ሲጠፋ እሳቱ የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም።"

ማጨዱን አቆመ።

"ታዲያ አሁን የት ናት?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ...

"የትም" አልኩት።

ማጭዱን መሬት ላይ ሰክቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ደም መሰለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም። ጥላቻ ነበር።

"ይሄን እንድትነግረኝ ነው ያስተማርኩህ? ውስጥህ ማንም ከሌለ፣ ታዲያ እስካሁን ማንን ሳበላ ኖርኩ?"

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ።

ወንድሜ ግን ወደቀ።

ሳይደናቀፍ፣ ሳያቃስት፣ ቁመቱን ሙሉ ነዶው ላይ ተዘረጋ። ሮጬ ደረቱ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ። ምንም የለም። ደረቱን ተጫንኩት። በአፉ ተነፈስኩለት። እንደገና ተጫንኩት...

"ቅጣው! ጋሼ! ቅጣው!"

ዓይኖቹ ተገልጠው ሰማይ ላይ ቀርተዋል። አንዲት ዝንብ መጥታ ዓይኑ ላይ አረፈች።

አልጨፈነም።

ያን ጊዜ ነው ያን ነገር ያደረግሁት።

እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ አገር የሚጠራበት ነው። ሌላው የክርስትና ስሙ ነው፤ እሱ በዋዛ አይነገርም። ለቁርባን፣ ለጸሎት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለፍትሐት ይነሣል እንጂ ሜዳ ላይ አይጠራም። ክፉ ከሰማው ይሠራበታል ይባላል።

እናታችን ልትሞት ስትል ሁለታችንን አጠገቧ አስቀመጠችን። የእሱን ስም በእኔ ጆሮ፣ የእኔን በእሱ ጆሮ አንሾካሾከች። ቤተ ክርስቲያን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የነፍስ አባት የለኝም። ስለዚህ የእኔን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ቅጣው ብቻ ነው።

"ተያያዙ" አለችን። "አንዳችሁ ስትሞቱ ሌላችሁ ለቄሱ ትነግራላችሁ።"

ያን ስም ነው በቀትር፣ በሜዳ፣ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ባለ በሌለ ጉልበቴ የጮህኩት።

ጸጥ አለ...

"አቤት።"

መጀመሪያ የሰማሁት ከገደሉ ነው። ከታች፣ ከሩቅ። የደነገጠ ሰው ድምፅ ነበር።

"አቤት።"

ሁለተኛው ከእጄ ሥር መጣ። የወንድሜ አፍ ነው ያለው።

ይኼኛው ምንም አልደነገጠም።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ ለራሴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቅጣው ተነሥቶ ተቀመጠ። ዝንቧ አሁንም ዓይኑ ላይ ናት። አየኝ። እኔ ዓይኔን ሳርገበግብ ነው እሱም ያርገበገበው። ዝንቧ በረረች።

"ጋሼ! ጋሼዬ! ደህና ነህ?"



"አለሁ እኮ" አለ።

አቅፌው አለቀስኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ የእሱን ጀርባ የመታሁትን ያህል፣ ሦስት ጊዜ...

በማግስቱ በግድ ሞላሌ ወስጄ አስመረመርኩት። እስከዳር የምትባል ነርስ ደሙን ለካች፣ ልቡን አዳመጠች፣ በባትሪ ዓይኑን አየች።

"ከእኔም ከአንተም ይሻላል!" አለችኝ እየሳቀች።

እሱም ሳቀ። እሷ ሳቋን ስታቆም፣ አቆመ።

ዓርብ ከቤት ሳንወጣ ዋልን። ሚስቱ ጌታነሽ ለጾም መግደፊያ የገብስ ገንፎ በተልባ አድርጋ አቀረበች። ገና ይንተከተካል። ጠርዙን በጣቴ ነካ ሳደርገው ለበለበኝ።

"እፍፍ!" አልኩ።

ቅጣው እጁን መሃሉ ላይ ከተተ። ተልባው ከተቋጠረበት ጉድጓድ ውስጥ። እዚያው አቆየው። ጣቶቹ ሲቀሉ አየሁ፤ ቆዳው ሲያብጥም አየሁ። እሱ የሚያየው ግን እጁን አልነበረም። የሚያየው የእኔን ፊት ነው።

ቆይቶ...

"እፍፍ!" አለ። በእኔው ድምፅ ልክ።

ጌታነሽ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በዓይኗ ጠቅሳኝ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ከበጎቹ ጉረኖ ጀርባ ቆማለች።

"ሙሉቀን... ያ ሰውዬ ማነው?"

"ምን ማለትሽ ነው እትዬ? ጋሼ ነዋ።"

"ቀስ በል፣ ይሰማናል።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "አይተኛም።"

"ከሕመም የተነሣ ሰው እኮ..."

"ስማኝ እንጂ! ዓይኑን ይጨፍናል። ያንኮራፋልም። ግን ማንኮራፋት የሚጀምረው እኔ ወደሱ ስዞር ነው። ፊቴን ካዞርኩ ያቆማል። ትንፋሹም ያቆማል።"

ፈራሁ። እኔ ግን መምህር ነኝ። መምህር ደግሞ ሲፈራ ያስተምራል።

"የታወቀ በሽታ ነው" አልኳት። "ሰው የቅርብ ዘመዱን እያየ 'እሱ አይደለም፣ መሳዩ ነው' ይላል። የታመመው ጋሼ ሳይሆን አንቺ ትሆኛለሽ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አሥራ ስምንት ዓመት አጠገቡ የተኛኸው አንተ ነህ ወይስ እኔ?"

ጥላኝ ወደ ቤት ዞረች።

"ማጭድ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የማድረው" አለች ገብታ ሳታልቅ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ከቅጣው ጋር ተቀመጥኩ። ባናውን ይሸምናል። እጁ አንድም አይሳሳትም፤ የተላጠው ጣቱ ክሩን ደም እያስነካው እንኳ አይቆምም። ልፈትነው ወሰንኩ። ሰውን በጥያቄ መፈተን እንጀራዬ አይደል?

"ጋሼ፣ እማዬ የሞተች ለት ትዝ ይልሃል?"

ትዝ ይለዋል። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ፣ እኔ በስንት ሰዓት እንደደረስኩና ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረግሁ ሳይቀር ነገረኝ። አንድ ቃል አላጎደለም። አንድ ቦታ ላይም ድምፁ አልተሰበረም።

"በውስጥህስ? ምን ተሰማህ?"

እጁ ቆመ።

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። አልተቆጣም፣ አላዘነም። እንደ ተጠረገ መደብ ባዶ ሆነ።

"አዘንኩ" አለ።

"እንዴት?"

"ሰው እንደሚያዝን።"

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልደረሰም።

"ያንተስ?" አለኝ በሹክሹክታ። "ውስጥህ ያለው... ምን ይላል?"

ተነሣሁ። ልሄድ ፊቴን አዞርኩ።

"ሙሌ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር? ረሳሁት" አለኝ ከኋላዬ።

አልነገርኩትም። ጌታን፣ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት በጎቹ ከጉረኖ ሲወጡ ቅጣው መውጫው ላይ ቆሞ ነበር። የወንድሜን በጎች አውቃቸዋለሁ፤ ሲያዩት እጁን ሊልሱ ይጋፋሉ። ሰው ሲፈሩ ደግሞ እንዴት እንደሚበረግጉም አውቃለሁ። ያን ዕለት አልተጋፉም፣ አልበረገጉም። ለሁለት ተከፍለው፣ መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ እንደሚዞሩ፣ ግራና ቀኙን አለፉት።

ቀና ብሎ እንኳ ያየው በግ አልነበረም።

እዚያ ላይ ትምህርቴ አለቀ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ ስለ ሰው አእምሮ የማስተምረው ሰውዬ የነፍስ አባት ፍለጋ ሮጥኩ።

መምሬ ታዲዮስ የቅጣው የነፍስ አባት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስሙን የት ቆሜ፣ በስንት ሰዓት እንደጠራሁት ስነግራቸው መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"የገደል ማሚቶ መስሎኝ ነበር፣ አባቴ።"

"የገደል ማሚቶ የጠራኸውን ነው የሚመልሰው። ቅጣው ብትለው ቅጣው ይልሃል። አቤት የሚል ገደል አይቼ አላውቅም።"

"ታዲያ የተነሣው ማነው?"

"ክፍት ቤት ሲገኝ የሚገባ አይጠፋም።" አማተቡ። "ወንድምህ ሲወጣ ደጁ ክፍት ነበር። አንተ ደግሞ ስሙን ለአላፊ አግዳሚው አሰማህ።"

"እንደገና ልጥራው?"

"እንዳታደርገው! ነገ ከቅዳሴ በኋላ በጸሎት፣ ሁላችንም ሆነን እንጠራዋለን። አንድ ቀን ጠብቅ። ገደሉ ጋ ብቻህን እንዳትሄድ፣ በቀትርማ ጭራሽ። ደግሞ ስማኝ ልጄ..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተን የሚጠራ ቢመጣ አቤት እንዳትል። የማንም ድምፅ ይሁን።"

እሺ አልኳቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

አንድ ቀን ብቻ ነበር የጠየቁኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። መንገዴ በማሳው በኩል ነበር ብዬ ልዋሻችሁ እችላለሁ። አልነበረም። ሆን ብዬ ነው የታጠፍኩት። ወንድሜ የመጨረሻ የሰማው ቃል "የትም" የሚል ነበር፤ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ አሁን "የትም" ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቀን መጠበቅ አልቻልኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አፋፉ ላይ ቆምኩ። ማጭዱ አሁንም እንደተሰካ ነው። ሰማዩ አንድ ደመና የለውም።

ጠራሁት።

"...አቤት።"

የጋሼ ድምፅ! ጉሮሮው ላይ ያለችው ያቺ ሻካራ ነገር ሳትቀር፣ የራሱ።

"ጋሼ! የት ነህ?"

"አላውቅም ሙሌ... እጅ የለኝም። እግር የለኝም። አያለሁ። እናንተን ሁላችሁንም አያለሁ። ጌታነሽን አያታለሁ... አጠገቧ የሚተኛውንም አየዋለሁ። እጮሃለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። የሰማኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ያውም በቀትር።"

ተንበረከክሁ። ግን ተጠራጣሪ ነኝ። በረንዳው ላይ የጠየቅሁትም ሁሉንም ነገር ያውቅ ነበር።

"ጋሼ መሆንህን በምን ልወቅ?"



"እማዬ የሞተች ለት ደስ አለኝ።"

"ምን?"

"ሦስት ዓመት አጥቤያታለሁ። አገላብጫታለሁ። ትንፋሿ ሲቆም በልቤ 'ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ' አልኩ። ለመምሬ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። ሙት ዓመቷን እሟሟትላታለሁ... ይሄ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው።"

አለቀስኩ። ይህን ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም፤ ከውጭ ሊታወቅ አይችልም። አንድ ሰው ውስጥ ብቻ የነበረ ነገር ነው።

ለካ ውስጡ ሰው ነበረ። እድሜ ልኬን የለም እያልኩ ያስተማርኩት ሰው።

"ይቅር በለኝ ጋሼ። እንዴት ላውጣህ? ንገረኝ፣ የምትለኝን አደርጋለሁ።"

ነፋሱ ቆመ። ማሳው ላይ የነበረው ገለባ ባለበት ቀረ።

"ሰው መግባት አለበት" አለ። "ቦታው ባዶ አይሆንም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ጌታነሽ አለችኝ። አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ..."

"ጋሼ?"

ድምፁ ተለወጠ። ሌላ ሰው አልሆነም፤ እሱው ነው። ረቡዕ ማጭዱን የሰካው ሰው፣ ያ ፊቱ ደም የመሰለው።

"ውስጤ ማንም የለም ስትል አልነበር? እንግዲያው ምንም አይጎዳህም።"

"ጋሼ፣ ተው! እባክህ..."

"ይቅር በለኝ ሙሌ።"

ስሜን ጠራው።

የክርስትና ስሜን። እናታችን በጆሮው ያንሾካሾከችውን፣ ልክ እሷ እንደምትለው አድርጎ ጠራው።

የመምሬን ቃል አስታውሼ ነበር። ጥርሴን ነክሻለሁ። እጄን ልጭን ወደ አፌ አንሥቻለሁ። ግን እኔ ታላቅ ሲጠራው ቁጭ ብድግ ብሎ እንዲመልስ ተገርፎ ያደገ የመንዝ ልጅ ነኝ።

"አቤት።"

እኔ አላልኩትም። አፌ ነው ያለው። እኔ በኋላ ነው የተነገረኝ...

ስነቃ ገለባው ላይ ተጋድሜያለሁ። ፀሐይዋ አሁንም አናቴ ላይ ናት። ከመንደሩ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ቅጣው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ይጮሃል።

"ጣቴን! ጣቴን ምን አገኘው? ያቃጥለኛል! ማነው እንዲህ ያደረገኝ?"

የዓርቡ ገንፎ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ አመመው። ጌታነሽ እግሩ ሥር ወድቃ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የተላጠውን እጁን ትስማለች። ሕመሙ ባለቤት አገኘ። በጎቹ ተጋፍተው መጡና ጉልበቱን ላሱት።

ደስ አለኝ። ደስ ብሎኛል ብዬ አሰብኩ። "ጋሼ!" ብዬ ስጠጋው ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

በማግስቱ ሙት ዓመቱ ተደረገ። መምሬ ታዲዮስ ሁሉንም መስቀል እያሳለሙ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"የክርስትና ስምህን ንገረኝ ልጄ፤ በጸሎት ልያዝህ።"

አፌን ከፈትኩ። ስሜን ፈለግሁት። የነበረበት ቦታ ይታወቀኛል፤ እሱ ግን የለም።

መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ፣ ይህን ከምጽፍበት ቀን ጋር፣ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ኮሌጅ አልተመለስኩም። ጌታነሽ ምግቤን ለብቻ በሳህን አድርጋ ደጃፍ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ትናንት ገንፎ ነበር። በላሁ። ቀና ስል ፊቷ ሲኮማተር አየሁ፤ ያን ጊዜ "እፍፍ" አልኩ። ሮጣ ገባችና በሩን ዘጋች። ማጭዱ በሩ ጉበን ላይ ተሰክቷል።

ዛሬ ጠዋት በጎቹ ሲወጡ መንገዱ ላይ ነበርኩ። ግራና ቀኝ አለፉኝ።

እኔ ግን አለሁ። አስባለሁ፣ እፈራለሁ፣ ይህን እየጻፍኩ ነው። ከእኔ ሌላ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል? ግን ማሳው ላይ የተነሣውንም ጠይቄው ነበር። እሱም እንዲሁ ነበር ያለኝ።

ሁልጊዜ ቀትር ሲሆን ከገደሉ ድምፅ ይመጣል።

"ጋሼ! ጋሼ!" ይላል። እያለቀሰ ነው። እንደዚያ የሚጠራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ድምፁም የእኔ ነው።

ዛሬም መጣ። ቅጣው ሽመናውን ጥሎ ወጣ። አፋፉ ላይ ቆመ። ተከትዬው ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?" አልኩት።

አልነገረኝም። ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራው ያ የሚያለቅሰው ልጅ ይመለስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የገደሉ ቦታ ለማን እንደሚቀር ያውቃል።

"ይቅር በለኝ ሙሌ" አለ እንባው እየወረደ።

እኔን አይደለም የሚያየው። ገደሉን ነው።

ትከሻው ላይ እጄን አደረግሁ። ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት።

"አለሁ እኮ" አለ አፌ።